የድሮዋ 230ኢ ኢንጀክሽን ሲያስቸግር፦ ቪት ከመንካትህ በፊት በጌጅ ፈልገው

ድሬዳዋ ላይ የድሮ መርሰዲስ የያዘ ሰው ይቺን ነገር ያውቃታል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቁልፉን ገና ስታዞረው ቀጥ ብላ ትነሳለች፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር አቁመሃት ጉዳይህን ጨርሰህ 7 ሰዓት ላይ ስትመለስ ግን ሞተሪኖው ይዞራል፣ ይዞራል፣ አትነሳም፣ ባትሪው ሊደክም ሲል እየተንገጫገጨች ጥቁር ጭስ ትተፋና ትነሳለች፣ ከዛ ምንም እንዳልነካት ሆና ትሄዳለች። ያን ጊዜ አጠገብህ አንድ ሰው አይጠፋም፣ "አቦ ይሄ ኢንጀክሽን ለዚ ሙቀት አይሆንም፣ አውጥተህ ካርብራተር ግጠምበት" የሚልህ። እኔ ይሄን የምጽፈው እሱን እንዳትሰማ ነው። ደህና የነበረ ሲስተም ተነቅሎ የተጣለባቸው መኪናዎች አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ችግሩ ብዙ ጊዜ በአንድ ጠዋት ሥራ የሚገኝ ነው።

የማወራው ስለ 230ኢ ነው፣ 123 የምንለው ቦዲ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ እስከ 80ዎቹ አጋማሽ የተሠራው፣ ሞተሩ ኤም 102 ባለ 4 ሲሊንደር 2.3 ሊትር፣ ኢንጀክሽኑ፣ ማለትም ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ሲስተም፣ የቦሽ ኬ-ጄትሮኒክ። ቮልቮ 240 ወይ የድሮ ጎልፍ ጂቲአይ ካለህም አሠራሩ ያው ነው፣ የግፊቱ ቁጥር ብቻ ይለያያል፣ ስለዚህ ቁጥሩን ከራስህ መኪና ማኑዋል አመሳክር።

የኛዋ መኪና የአባዬ ናት። በሙቀት አልነሳ ስትል አንድ ጋራዥ ወሰድናት፣ ስሙ ይቅር፣ ሜካኒኩ ምንም ሳይለካ የነዳጅ ማስተካከያዋን ቪት አዞራት፣ ለሳምንት ሻል አላት ከዛ ነዳጅ እንደ ውሃ መጠጣት ጀመረች፣ ሌላ ጋራዥ ደግሞ በተቃራኒው አዞራት፣ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ መቆም አቃታት፣ እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ሄደ። በመጨረሻ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ያረጁ አንድ ሽማግሌ አይተዋት "ልጄ፣ መጀመሪያ ለካ፣ ከዛ ፍታ" አሉኝ፣ የግፊት መለኪያ ጌጅ አሰርን፣ በሽታው የነዳጅ ፖምፓው ጫፍ ላይ ያለች አውራ ጣት የማታክል ቫልቭ ሆና ተገኘች። ቪቷ ከመጀመሪያውም ምንም አልነበረባትም።

አሠራሩን ትንሽ ልንገርህ፣ ይሄ ከገባህ ሌላው ይቀልሃል። ኬ-ጄትሮኒክ ኮምፒውተር የለውም። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ አንድ ክብ ሳህን ይገፋል፣ ሳህኑ ክንድ አለው፣ ክንዱ የነዳጅ አከፋፋዩ ውስጥ ያለችውን ፕላንጀር የምትባል ቀጭን ዘንግ ወደ ላይ ያነሳታል፣ ፕላንጀሯ በተነሳች ቁጥር ወደ አራቱ ኢንጀክተሮች የሚሄደው ነዳጅ ይጨምራል። ኢንጀክተሮቹ እየከፈቱ እየዘጉ አይደለም የሚረጩት፣ ሞተሩ እስካለ ድረስ ሳያቋርጡ ነው፣ ኬ የሚለው ፊደልም በጀርመንኛ ያንን "ሳያቋርጥ" ማለትን ነው የሚያመለክተው። ከፕላንጀሯ አናት ላይ ደግሞ ሌላ የነዳጅ ግፊት ወደ ታች ይጫናታል፣ እሱን ኮንትሮል ፕሬዠር እንለዋለን። እሱ ሲቀንስ ፕላንጀሯ በቀላሉ ትነሳለች፣ ነዳጅ ይበዛል፣ ሲጨምር ነዳጅ ያንሳል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ዝቅ፣ ሲሞቅ ከፍ የሚያደርገው ሞተሩ ጎን ላይ የተገጠመ ሬጉሌተር (የግፊት መቆጣጠሪያ) ነው። ሲስተሙ ይሄው ነው፣ አየርና ግፊት። ስለዚህ በሽታውም ወይ አየር ነው ወይ ግፊት።

ከመጀመርህ በፊት ግን እባክህ ይሄን ስማኝ፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን 5 ባር ገደማ ነው፣ ጎማህ ላይ ካለው ከሁለት እጥፍ በላይ። ቱቦ ስትፈታ መነጽር አድርግ፣ ጨርቅ ጠቅልልበትና ቀስ ብለህ አላላው፣ ባትሪውን ንቀል፣ እሳት ማጥፊያ እጅህ አጠገብ ይሁን፣ ጊቢ ውስጥ ከሆንክ ደግሞ ቡና የሚፈላበት ከሰል እንኳን በቅርብ አይኑር። የፈታኸውን ቡሎን ስትመልስ የመዳብ ሮንዴላውን በአዲስ ቀይረው፣ አሮጌው ያንጠባጥባል፣ የሚያንጠባጥበው ደግሞ የጋለ ማርሚታ ላይ ነው። ሥራውን በጠዋት ጀምረው፣ ሞተሩም ቀዝቃዛ መሆን አለበት ለልኬቱ፣ አንተም በ6 ሰዓት ፀሐይ ስር ኮፈን ውስጥ አንገትህን አስገብተህ በትክክል አታስብም።

1. ኢንጀክሽን መሆኑን አረጋግጥ

ካንዴላዎቹን አውጥተህ እያቸው። አራቱም ጥቁር ጥቀርሻ ከሆኑ ነዳጅ በዝቷል፣ አራቱም ነጣ ካሉ ነዳጅ አንሷል ወይ አየር ሾልኮ ገብቷል፣ አንዱ ብቻ ከተለየ የዛ ሲሊንደር ኢንጀክተር ወይ የካንዴላ ሽቦው ነው። እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ክፈትና ስንጥቅ ካለው ተመልከት። እሳቱ ደካማ ሆኖ ሳለ ኢንጀክሽን የሚፈታ ሰው በዝቷል።

2. ነዳጁና ፊልትሮው

ማደያ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ ወይ በጀሪካን የሚሸጠውን የገዛህበት ጊዜ ካለ አስታውስ። ያ ቤንዚን ውሃም ቆሻሻም ሊኖረው ይችላል፣ ካርብራተር ይታገሰዋል፣ የዚህ ሲስተም ፕላንጀር ግን በጣም ቀጭን ልክ ላይ የተሠራች ስለሆነች ትንሽ ዝገት ይይዛታል። ፊልትሮው ከኋላ በቀኝ በኩል ከመኪናው ስር ነው፣ ከፖምፓው ጋር አንድ የፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ። ፈተህ በመግቢያው በኩል ነጭ ሳህን ላይ አፍስሰው፣ ቡናማ ነገር ከወጣ ፊልትሮ መቀየር ብቻውን አይበቃህም፣ ታንኩም መታጠብ አለበት።

3. ፖምፓው

ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ከሆነ የምትደክመው፣ ማለትም ሜዳ ላይ ደህና ሆና ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጥ እየታነቀች ከሆነ፣ እኔ ቅድሚያ የምጠረጥረው ይሄንን ነው፣ የነዳጅ መጠን እጥረት።

መጀመሪያ ፊውዙን እይ። የ123 ፊውዞች የድሮዎቹ የሸክላ ናቸው፣ ሳይቃጠሉ ጫፋቸው ዝገት ይይዝና ኮረንቲ በደንብ አያሳልፉም፣ አዙራቸው፣ ካልሆነ ቀይራቸው፣ ዋጋቸው ምንም አይደለም። ቀጥሎ ሬሌው። ይሄ ሬሌ ሞተሩ ካልዞረ ፖምፓውን ያቆመዋል፣ ለአደጋ ጊዜ ተብሎ ነው የተሠራው፣ ግን ውስጡ ያሉት ብየዳዎች ሲያረጁ ይሰነጠቃሉ፣ ሙቀት ሲሆን ይላቀቃሉ፣ ሲበርድ ይገናኛሉ። አንዳንዴ "በሙቀት አልነሳ አለች" የሚባለው ይሄ ነው፣ ሬሌውን ከፍተህ ብየዳውን በአጉሊ መነጽር ብታየው ክብ ስንጥቅ ታገኝበታለህ፣ ድጋሚ መበየድ ነው።

ፖምፓውን ለብቻው ለማስነሳት ሬሌውን ነቅለህ ሶኬቱ ላይ ፊውዝ ያለው ሽቦ ታገናኛለህ፣ ሬሌው ላይ ያለውን ሥዕል ተከተል፣ ብዙ ጊዜ 30 እና 87 ናቸው። አሁን ከመኪናው ስር ጆሮህን ስጥ፣ ጤነኛ ፖምፓ እኩል የሆነ ድምፅ አለው፣ የሚያፏጭ ወይ የሚያንቋርር ከሆነ ከታንኩ በኩል የሚመጣው ነዳጅ ታፍኗል። ከዛ ሞተሩ ጋር ያለውን የመመለሻ ቱቦ ፈተህ ልኬት ያለው ጀሪካን ውስጥ ክተት፣ 40 ሰከንድ ቁጠር፣ ቢያንስ አንድ ሊትር መውጣት አለበት። ካልወጣ ፖምፓውን ከመግዛትህ በፊት ፊልትሮውን ቀይረህ ድገም፣ ሽቦው ላይም ቮልት ለካ፣ ከ11.5 በታች ከሆነ ጥፋቱ የፖምፓው አይደለም።

4. አየር

ሳህኑ ሳይለካው የገባ አየር ሁሉ ሌባ ነው። የድሬ ሙቀት ጎማን ያደርቃል፣ ከሳህኑ ስር ያለው ትልቁ የጎማ ቱቦ ከላይ ደህና ይመስልና ከስር፣ አይን በማያየው በኩል ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ በጣትህ ዳብሰው፣ በአይን ብቻ አትመን። ኢንጀክተሮቹ የተቀመጡባቸው የጎማ ቀለበቶችም ይደርቁና እንደ ብስኩት ይሰባበራሉ።

አንድ ቀላል ሙከራ አለች። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈት። ሲስተሙ ደህና ከተዘጋ ሞተሩ ወዲያው ይረበሻል፣ ሊጠፋም ይችላል። ምንም ካልተለወጠ ሌላ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ለማግኘት ሳሙና ያለው ውሃ በመርጫ ጠርሙስ መገጣጠሚያዎቹ ላይ እርጭ፣ ድምፁ የተቀየረበት ቦታ ነው። ቤንዚን የሚረጩ ሰዎች አሉ፣ አንተ አታድርገው።

5. ሳህኑና ፕላንጀሯ

የአየር ማጣሪያውን አንሳ፣ ሳህኑ ከላይ ይታይሃል። ፖምፓውን ለጥቂት ሰከንድ አስነስተህ ግፊት ሲሞላ አጥፋው። አሁን ሳህኑን በጣትህ ቀስ አድርገህ ተጫነው። ከላይ እስከታች አንድ ዓይነት ክብደት ሊሰማህ ይገባል፣ መሀል ላይ ያዝ ለቀቅ ካደረገህ ፕላንጀሯ ቆሽሻለች ወይ ሳህኑ መሀል ላይ አልተቀመጠም፣ ዳርና ዳሩን ይነካል። ስትለቀው ያለምንም መንጠልጠል መመለስ አለበት። ፖምፓው እየሠራ ሳህኑን ተጭነህ አትቆይ፣ ሲሊንደሩን በቤንዚን ትሞላዋለህ፣ ቤንዚን ደግሞ አይታመቅም፣ ሞተሪኖ ስትሰጥ ዘንግ ሊያጣምም ይችላል።

6. ጌጁ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። የሚያስፈልግህ እስከ 10 ባር የሚያሳይ ጌጅ፣ ቤንዚን የሚችል ቱቦና አንድ መዝጊያ ቫልቭ ነው። ዝግጁ ኪት ካላገኘህ ሃይድሮሊክ ቱቦ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ማሠራት ይቻላል፣ መገጣጠሚያውን ቶርኖ ቤት፣ ናሙና ይዘህ ሂድ። ጌጁ የሚገባው ከነዳጅ አከፋፋዩ አናት ወደ ሞተር ጎን ሬጉሌተር በሚሄደው ቱቦ መሀል ነው፣ ቫልቩ በሬጉሌተሩ በኩል ይሁን።

ቫልቩን ዝጋው፣ ፖምፓውን አስነሳ። አሁን የምታነበው ዋናው የሲስተም ግፊት ነው፣ ለዚህ ሞተር ከ5.2 እስከ 5.8 ባር ነው የሚጠበቀው። ካነሰ የፖምፓ፣ የፊልትሮ ወይ የአከፋፋዩ የራሱ ሬጉሌተር፣ ከበዛ የመመለሻው ቱቦ ታፍኗል።

ቫልቩን ክፈተው። አሁን ኮንትሮል ፕሬዠር ነው። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ከሆነ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ ከዛ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያለ ወጥቶ 3.4 እስከ 3.8 አካባቢ ይቆማል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልንገርህ፣ ማኑዋሉ ላይ ያለው የቀዝቃዛ ቁጥር ለ20 ዲግሪ ነው የተጻፈው፣ የኛ አገር የግንቦት ጠዋት ግን ገና ከንጋቱ ከዛ በላይ ነው፣ ስለዚህ ጌጁ ከፍ ያለ ቁጥር ቢያሳይህ ሬጉሌተሩ ተበላሸ ማለት አይደለም፣ በሙቀቱ ልክ ያለውን መስመር ተመልከት። ሐረር ላይ ብትለካው ራሱ ሌላ ቁጥር ታገኛለህ።

ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ከቀረና ካልወጣ መኪናዋ ሞቃም ሆና ጥቁር ታጨሳለች፣ ነዳጅ ትጨርሳለች። ያን ጊዜ የሬጉሌተሩን ሶኬት ነቅለህ ሞተሩ እየሠራ 12 ቮልት መድረሱን በቴስተር እይ፣ ሬጉሌተሩ ውስጥ ሽቦ ያለው ማሞቂያ አለ፣ እሱንም በኦም ለካው፣ 20 ኦም አካባቢ ጤነኛ ነው፣ ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። የኛዋ ላይ ሁለተኛው ጋራዥ ሶኬቱን ነቅሎ ሳይመልስ ትቶት ነበር፣ ከነዳጁ ብክነት ግማሹ እሱ ነበር።

7. የቀረው ግፊት፣ የድሬ በሽታ

ሞተሩ ሞቆ፣ ቫልቩ ክፍት ሆኖ፣ አጥፋው። አሁን ሰዓትህን ያዝና ጌጁ ላይ ተቀመጥ። ወዲያው ትንሽ ይወርዳል፣ ይሄ ትክክል ነው፣ ኢንጀክተሮቹ መዝጋት አለባቸው። ከዛ ግን መቆም አለበት፣ ከ20 ደቂቃ በኋላም 2.5 ባር አካባቢ ማየት እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ከኮፈን ስር ያለው ሙቀት ሞተር ከጠፋ በኋላ ይጨምራል፣ ማራገቢያም ነፋስም የለም፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ግፊት ካለው ይቋቋማል፣ ግፊቱ ከጠፋ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል፣ ኢንጀክተር ደግሞ እንፋሎት መርጨት አይችልም። ያቺ 7 ሰዓት ላይ አልነሳ ያለችው መኪና እንግዲህ ይቺ ናት። ሐረር ላይ ላትታመም ትችላለች፣ ወደ ድሬ ስትወርድ ትታመማለች፣ መኪናዋ ግን አልተለወጠችም።

ግፊቱ ዜሮ ከወረደ የሚሾልክባቸው ቦታዎች አምስት ናቸው፣ አንድ በአንድ እንዘጋቸዋለን። ለመዝጋት ሰፊ አፍ ያለው መቆንጠጫ ተጠቀም፣ የጎማ ቱቦ ብቻ ነው የሚቆነጠጠው፣ የፕላስቲክና የብረቱን እንዳትነካ።

ፖምፓውን አስነስተህ ግፊት ሙላ፣ አጥፋ፣ ወዲያው ከታንክ ወደ ፖምፓ የሚመጣውን የጎማ ቱቦ ቆንጥጥ። አሁን ጌጁ ከቆመ ቤንዚኑ ወደ ኋላ ወደ ታንኩ ነበር የሚመለሰው፣ የፖምፓው አንድ አቅጣጫ ቫልቭ ነው። ደስ የሚለው ነገር ቫልቩ ለብቻው ተፈቶ ይቀየራል፣ ሙሉ ፖምፓ ግዛ የሚልህን አትስማ። እኔ ይሄን ስቆነጥጥ የጌጁ ቀስት 3 ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ያየሁት ቀን ከሁለት ዓመት ልፋት በኋላ ነበር፣ ለአባዬ ደውዬ ነገርኩት።

ካልቆመ የመመለሻውን ቱቦ ቆንጥጠህ ድገም። ከቆመ የአከፋፋዩ ውስጥ ያለው ሬጉሌተር ቀለበቱ አልቋል፣ ጎማ ቀለበት ነው፣ ቤንዚን የሚችል አይነት ካገኘህ ይሠራል። አሁንም ካልቆመ ከፖምፓው አጠገብ ያለውን አኩሙሌተር (ግፊቱን ይዞ የሚያቆየውን) እይ፣ ከኋላው የምትወጣ ቀጭን ቱቦ አለች፣ ንቀላት፣ ፖምፓው እየሠራ ከአኩሙሌተሩ በኩል ቤንዚን ከወጣ ውስጡ ያለው ዲያፍራም ተቀዷል፣ ጥገና የለውም፣ መቀየር ነው። የቀሩት የቀዝቃዛ ማስነሻው ቫልቭና ኢንጀክተሮቹ ናቸው፣ የቀዝቃዛውን ቫልቭ ፈተህ ጫፉን አድርቀው፣ ግፊት ስጠው፣ እርጥበት ካየህበት ያፈሳል።

8. አራት ጠርሙስ

አራቱን ኢንጀክተሮች ከነቱቧቸው አውጣቸውና እያንዳንዱን አንድ ዓይነት የሆነ ሃይላንድ ውስጥ ክተታቸው። አንድ ሰው ይርዳህ። ፖምፓውን አስነሳ፣ ሳህኑን ቀስ ብለህ ተጫን። የሚሠራ ኢንጀክተር ሲረጭ እንደ ጉም ነው፣ ሾጣጣ ሆኖ ይበተናል፣ ቀጭን ጥዝዝ የሚል ድምፅም አለው። የተበላሸው እንደ ክር ወይ እንደ ሽንት መስመር ይሠራል። ሳህኑን ልቀቀው፣ 15 ሰከንድ ጠብቅ፣ ጫፉ ላይ ጠብታ የሚቋጥር ካለ እሱ ነው የሚያፈሰው።

ከዛ ጠርሙሶቹን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው፣ ሜዳ ነገር ላይ። ከፍታቸው እኩል መሆን አለበት ለማለት ይቻላል። አንዱ በግልጽ ካነሰ ኢንጀክተሩን ወዲያው አትጣለው፣ ከጎረቤቱ ጋር ቦታ አቀያይረህ ድገም። ጉድለቱ ኢንጀክተሩን ተከትሎ ከሄደ ኢንጀክተሩ ነው። እዛው ጠርሙስ ላይ ከቀረ ግን አከፋፋዩ ውስጥ የዛ መውጫ ቀጭን ስንጥቅ ተደፍኗል፣ የተለየ ሥራ ነው፣ አከፋፋዩን መፍታት ልምድ ላለው ሰው ተውለት።

ሐረር ውስጥ ፔጆ 404 ላይ ያደጉ ሜካኒኮች ብዙ ናቸው፣ እጃቸው ወርቅ ነው፣ ግን ያደጉት ካርብራተር ላይ ስለሆነ ይሄን ሲያዩ አዲስ ነገር ይመስላቸዋል። 404 ራሱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኩግልፊሸር ሜካኒካል ኢንጀክሽን ጋር ይመረት ነበር። ጠርሙሱን አንዴ ካሳየሃቸው ከአንተ ቀድመው ይገባቸዋል፣ አብረሃቸው ሥራ።

9. ቪቷ

ከላይ ያለው ሁሉ ትክክል ከሆነ ብቻ ነው እዚህ የምትደርሰው። በሳህኑና በአከፋፋዩ መሀል ባለች ቀዳዳ በ3 ሚሊ ሜትር ኤል ቁልፍ ትገባለች። ወደ ቀኝ ነዳጅ ትጨምራለች፣ ወደ ግራ ትቀንሳለች። ከመንካትህ በፊት ቁልፉን አስገብተህ ያለችበትን አቅጣጫ ምልክት አድርግ። በአንዴ ከሩብ ዙር ያነሰ፣ በጣም ያነሰ፣ ከዛ ቁልፉን አውጣ፣ ትንሽ ነዳጅ ረግጠህ ልቀቅ፣ ጠብቅ፣ ስማ። ቁልፉ ውስጥ እያለ ነዳጅ አትርገጥ፣ ክንዱን ትሰብረዋለህ። የጭስ መለኪያ ያለው ቦታ ካገኘህ በእሱ ብታስተካክል በጣም የተሻለ ነው፣ ካላገኘህ ሚኒሞው እኩል የሚሆንበትን ቦታ ፈልግና ከጥቂት ቀን በኋላ ካንዴላውን አውጥተህ እይ፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው የምትፈልገው።

ጌጁን ገና እንዳትፈታው። ደንገጎ ድረስ ውጣና ተመለስ፣ ከዛ በ7 ሰዓት ፀሐይ ላይ ኮፈኑ እንደተዘጋ አቁማት፣ ምሳህን ብላ፣ ግማሽ ሰዓት ይሙላ። ተመልሰህ መጀመሪያ ጌጁን አንብብ፣ ከ2 ባር በላይ ከያዘ ቁልፉን አዙር። ነዳጅ ሳትረግጥ በሁለተኛው ዙር ከተነሳች ጌጁን ፍታ፣ የመዳብ ሮንዴላዎቹን ቀይር፣ መገጣጠሚያዎቹን በጨርቅ አድርቀህ እንደገና በደረቅ ጣት ዳብሳቸው።